አሰላን አልሰጥም ያሉት የአቶ እንደሻው ወልደ ሚካኤል የሕይወት ታሪክ

አቶ እንደሻው ወልደ ሚካኤል ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ሚካኤል ተክለ ጻድቅና ከእናታቸው ከወ/ሮ የሺእመቤት ደስታ፣ በቀድሞው አርሲ ጠቅላይ ግዛት በጭላሎ አውራጃ በአሰላ ከተማ፣ ጥር 21 ቀን 1952 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕለቱ አስተርእዮ ማርያም ስለነበር የክርስትና ስማቸው ኃይለ ማርያም ተባለ። ቅድመ አያቶቻቸው ከመንዝ ተነሥተው ወደዚህ ደጋ የመጡ ናቸው። አባታቸው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ ከከተማው ወጣ ብሎም የገብስ ማሳ ነበራቸው።

ከሥራ ባልደረቦቻቸው አንድ ገጽ የሕይወት ታሪክ ተዘጋጅቶ መጥቶልን ነበር። እናመሰግናለን። ነገር ግን በዚያ ገጽ ላይ «ታታሪ፣ ሰው አክባሪና ቅን» የሚል ነበር እንጂ እንደሻው የሚባል ሰው አልነበረበትም። እንደዚያ ያለ ሰው በየቀብሩ ላይ ሲነበብ እንሰማለን፣ በቁሙ ግን አንድም ቀን አግኝተነው አናውቅም። ስለዚህ ታላቅ እህታቸው ወ/ሮ አሰፋች ወልደ ሚካኤል «ወንድሜን እኔ አውቀዋለሁ» ብለው ይህን ጻፉ። የሚያነበው የሟች ልጅ ወንደሰን ስለሆነ እህታቸውም በጽሑፉ ውስጥ አንቱ ተብለዋል። ስለ ራሷ እንዴት እንዲህ ትላለች የሚል ካለ ከቀብር በኋላ ድንኳኑ ውስጥ መጥቶ ይጠይቃቸው።

የሙት ወቃሽ አያድርገንና፣ አቶ እንደሻው ቀናተኛ ነበሩ። በሀብት አልቀኑም፣ በሥልጣንም አልቀኑም። ሰው ፎቅ ሲሠራ «እሰይ፣ ይመርበት» የሚሉ ሰው ነበሩ። በዚህች ዓለም ላይ የቀኑት በአንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱንም ዕድሜ ልካቸውን አልለቀቁትም። ያ ሰው ዛሬ እዚሁ መካከላችን ያሉት ፕሮፌሰር ጅብሪል ሰኢድ ናቸው። ፕሮፌሰር ይህን ሲሰሙ እንደማይደነግጡ እናውቃለን፤ ከማንም በፊት ያወቁት እሳቸው ናቸውና።

የጅብሪል ወላጆች የአቶ ሰኢድና የወ/ሮ ፋጡ ቤት ከእነ አቶ ወልደ ሚካኤል ቤት የሚለየው በአንድ አጥር ነበር፤ አጥሩም ልጆቹ ሲሾልኩበት ሲሾልኩበት አጥርነቱ ቀርቶ ነበር። አቶ ሰኢድ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ጅብሪል የተወለዱት አቶ እንደሻው በተወለዱበት ዓመት ሲሆን፣ በጥቂት ሳምንት ስለሚበልጡ ይህም ራሱ አንድ ጸብ ነበር። ሁለቱ ሲጣሉ በኦሮምኛ፣ ሲታረቁ በአማርኛ ነበር፤ ለምን እንደዚያ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

በ1959 ዓ.ም. አብረው አንደኛ ክፍል ገቡ። ሰኔ ላይ ካርድ ሲሰጥ ጅብሪል አንደኛ፣ አቶ እንደሻው ሁለተኛ ወጡ። በሚቀጥለው ሰኔም እንደዚያው። ክፍሉ ቢቀየር፣ አስተማሪው ቢቀየር፣ መንግሥት ራሱ ቢቀየር ይህ ነገር አልተቀየረም። አባታቸው «ሁለተኛም እኮ ደግ ነው፣ ልጄ» ሲሏቸው፣ አቶ እንደሻው የዘጠኝ ዓመት ሰው ሆነው «ለማን?» ብለው ጠየቁ፤ ምሳቸውንም ሳይበሉ ወጡ።

አሁን ስለ እንቆቅልሹ መነገር አለበት፤ ያለ እሱ የዚህ ሰው ታሪክ አይነገርም። ከትምህርት ቤት መልስ አጥሩ ሥር ቁጭ ብለው እንቆቅልሽ ይጫወቱ ነበር። ደንቡን ለወጣቶቹ እናስታውስ። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ይላል፣ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ይላል። መልሱ የጠፋው ሰው አገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም አገሩን ተቀብሎ መልሱን ይናገራል። ዳኛዋ በዕድሜ የሚበልጡት ወ/ሮ አሰፋች ነበሩ።

ጅብሪል የሚጠይቁት ከትልልቅ ሰዎች የሰሙትን አልነበረም፤ ራሳቸው ይፈጥሩት ነበር። አንድ ቀን «ስድስቱ ይሠራሉ፣ አንዱ ይሳደባል፤ ደመወዙን የሚበላው ተሳዳቢው ነው» አሉ። አቶ እንደሻው የአባታቸውን መሥሪያ ቤት ጠሩ፣ ወታደር ጠሩ፣ ንብ ጠሩ። አልሆነም። በመጨረሻ እያንገሸገሻቸው የአርቦዬን ከተማ ሰጡ። መልሱ የፈረስ ጋሪ ሆነ፤ አራት የፈረስ እግር፣ ሁለት ጎማ፣ አንድ ባለጋሪ። ይኼኔ አቶ እንደሻው ዘለው ተነሡና «አውቄው ነበር! ይሄማ ግልጽ ነው! አርቦዬን መልስ!» አሉ።

ዳኛዋ «ካወቅከው ለምን አልተናገርክም?» አሏቸው።

«ልናገር ስል ቀደመኝ!»

«አገር ከሰጡ በኋላ ማወቅ የለም» ተብሎ ተፈረደባቸው። ይህ ፍርድ በዚያ አጥር ሥር ስንት ጊዜ እንደተሰጠ እግዜር ይቁጠረው። መልሱ እስኪነገር ድረስ ጨለማ ነው፣ ከተነገረ በኋላ ግን ለአቶ እንደሻው ሁሉም ነገር ግልጽ ነበር። እንዲህ እያሉ ባሌን ሰጡ፣ ሐረርን ሰጡ፣ ዴራን ደጋግመው ሰጡ። ጅብሪል የሚፈልጉት ግን አሰላን ነበር። «አሰላን ስጠኝ» ሲሏቸው አቶ እንደሻው «አሰላ የእኔ ናት፤ ሌላ ጠይቅ!» ይላሉ። እንባ በዓይናቸው ሞልቶም ቢሆን አሰላን አልሰጡም።

በ1970 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሱ። በዚያ ጊዜ ወደ ውጭ አገር ለከፍተኛ ትምህርት የሚልክ ዕድል ለትምህርት ቤታቸው አንድ ብቻ መጣ። ለማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ወ/ሮ ፋጡ ከደስታቸው ብዛት በቅቤ የራሰ የገብስ ጭኮ በትልቅ ሳህን አድርገው ለጎረቤት ላኩ፤ «ያ ኢልመ ኮ፣ አንተም ልጄ ነህ፣ ነገ ደግሞ ያንተን እንበላለን» ብለው አቶ እንደሻውን በእጃቸው ሊያጎርሷቸው መጡ። አቶ እንደሻው ጥርሴን አመመኝ ብለው ዞር አሉ። ጭኮውን እህታቸው በሉት፤ እጅግ ግሩም ጭኮ ነበር። አሰላ የጅብሪልን መሄድ በጭብጨባ ስትሸኝ አቶ እንደሻው ማሳ ውስጥ ገብስ ያርሙ ነበር። በዚያ ሰሞን ገብሱ አረም እንዳልነበረው እህታቸው ያስታውሳሉ።

አቶ እንደሻው በ1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በኤሌክትሪክ ምሕንድስና በማዕረግ ተመረቁ። በክፍላቸው አንደኛ ወጥተዋል። ይህን የምሥራች ለእህታቸው ሲነግሩ ግን ድምፃቸው ቀዝቀዝ ያለ ነበር። «ምን ሆነሃል?» ቢባሉ «ጅብሪል በሌለበት አንደኛ፣ አንደኛ ይባላል?» አሉ። እንግዲህ ሰው እንዲህ ከሆነ ምን ይደረጋል!

በ1976 ዓ.ም. ወደ ትውልድ ከተማቸው ተመልሰው በብቅል ፋብሪካው በኤሌክትሪክ ጥገና ክፍል ሠሩ፤ ቀጥሎም በአዲስ አበባ በአንድ የመገናኛ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። በ1981 ዓ.ም. ከዴራ ተወላጇ ከመምህርት መቅደላዊት አበራ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋቡ። ጅብሪል በዚያን ጊዜ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ይዘው ተመልሰው በዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበርና ሰርጉ ላይ ተገኝተው መረቁ። «ዴራን በልጅነቱ ደጋግሞ ስለሰጠኝ ሙሽሪት የአገሬ ልጅ ናት፤ አደራ፣ በደንብ ያዛት» አሉ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ወ/ሮ መቅደላዊትም ሳቁ። ሙሽራው አልሳቁም። በሰርጋቸው ፎቶግራፍ ላይ እንደ ተከሰሰ ሰው ኮስተር ያሉት በዚህ ምክንያት ነው።

በ1988 ዓ.ም. ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ሲሠሩ የመመረቂያ ጽሑፋቸው ስለ ትራንዚስተር ነበር። ትራንዚስተር ማለት፣ ለእህታቸው እንዳስረዷቸው፣ በስልካችንም በቴሌቪዥናችንም ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠር ጥቃቅን የኤሌክትሪክ በር ነው። ሲከፈት ያሳልፋል፣ ሲዘጋ ይከለክላል። ችግሩ በሩ በጣም ሲያንስ ተዘግቶም እንዳረጀ ቧንቧ ያንጠባጥባል። እንዳያንጠባጥብ ወፍራም ልባስ ይደረግበታል፤ ወፍራም ልባስ ያለው በር ደግሞ ለመከፈት ይዘገያል። አቶ እንደሻው ልባሱን በመውጫው በኩል ብቻ ቢያወፍሩትስ ብለው አሰቡ። አማካሪያቸው «ይሄን ማንም አይሠራውም፣ መጻሕፍቱ ሁሉ የሚሉት ሌላ ነው» አሏቸው። እሳቸውም እሺ ብለው በጽሑፋቸው ውስጥ «በአንድ በኩል ብቻ ማወፈር የሚያስገኘው ጥቅም የለም» የሚል አንቀጽ ጽፈው አለፉት። ጽሑፉ ተመስግኖ ቤተ መጻሕፍት ገባ።

በ1996 ዓ.ም. የፈጠራ መብት በሚሰጥ አንድ መሥሪያ ቤት የፈጠራ መርማሪ ሆኑ። ሥራው ለእሳቸው የተፈጠረ ነበር። ሰው «ይህን እኔ ፈጠርሁ» ብሎ ይመጣል፤ መርማሪው በእርግጥ ፈጥሮ እንደሆነ ይመረምራል። ነገሩ አዲስ መሆኑ ብቻ አይበቃም። ሙያውን የሚያውቅ ሰው ከዚያ በፊት የታወቁትን ነገሮች ይዞ ቁጭ ቢል በቀላሉ የሚደርስበት ከሆነ «ግልጽ ነው» ይባላል፤ ግልጽ ለሆነ ነገር መብት አይሰጥም። አቶ እንደሻው «ግልጽ ነው» ብለው በመጻፍ የታወቁ ነበሩ። ባልደረቦቻቸው ሻይ ቤት ሲገቡ እንኳ «ግልጽ ነው መጡ» ይባባሉ እንደነበር በለቅሶው ላይ ነግረውናል።

በዚህ መካከል ሴት ልጃቸው ማሂ ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ የገባችውም ፕሮፌሰር ጅብሪል ክፍል ነው። በየሳምንቱ መጨረሻ ቤት እየመጣች «ፕሮፌሰር ጅብሪል እንዳሉት» ስትል አባቷን እህል አልወርድ ይላቸው ነበር። አንድ እሑድ ምሳ ላይ «በዚህ ቤት ውስጥ እኔም አንዳንድ ነገር እላለሁ እኮ!» ብለው ጠረጴዛውን ደበደቡት። ወጡ ተደፋ። ማሂ ዛሬ ስታለቅስ ያያችኋት ያንን ሁሉ አስታውሳ ነው።

በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ፕሮፌሰር ጅብሪል ለዓመታት የደከሙበትን ትራንዚስተር ይዘው ለመሥሪያ ቤቱ አመለከቱ። አቶ እንደሻው ማመልከቻውን ገልጠው ሥዕሉን አዩት። ልባሱ በመውጫው በኩል ብቻ ወፍሯል። በሩ አያንጠባጥብም፤ መዘግየትም የለበትም። ጅብሪል ያን መንገድ ይዘው እስከ መጨረሻው ሄደው፣ ለክተው፣ ሠርተው አሳይተዋል። አቶ እንደሻው ለእህታቸው ስልክ ደውለው «የኔን ወሰደው!» አሉ።

እውነቱን ለመናገር ደንቡን አልጣሱም። አመልካቹ አብሮ አደጋቸው መሆኑን ለአለቃቸው ተናገሩ። አለቃቸው «ትራንዚስተር የሚያውቅ ከእርስዎ ሌላ የለኝም፤ ይመርምሩት፣ ሌላ ሰው አብሮ አይቶ ይፈርምበታል» አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ያዝናል። አቶ እንደሻው ግን ፋይሉን በሁለት እጃቸው አቅፈው ወጡ። ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቁት የነበረ ቀን ነበርና።

ብዙ ሳምንት ሠሩበት። ሁለት የውጭ አገር ጽሑፎች አገኙ። አንደኛው ወፍራም ልባስን በሁለቱም በኩል ያደርጋል፤ ሌላው በአንድ በኩል ብቻ ያደርጋል፣ ግን ለሌላ ዓይነትና እጅግ ለሚተልቅ ዕቃ ነው። ሁለቱን ለሚያጋጥም የሙያ ሰው የፕሮፌሰር ጅብሪል ሥራ ግልጽ ነው ብለው ጻፉ። ሦስተኛ ማስረጃ አድርገውም የራሳቸውን የመመረቂያ ጽሑፍ ጠቀሱ፤ ይህ ሐሳብ በ1988 ዓ.ም. ተነሥቶ ነበር አሉ። መልስ እንዲሰጡበት ለአመልካቹ ላኩ። በዚያ ቀን ለእህታቸው ደውለው እየሳቁ አወሩ። እንደዚያ ሲስቁ ከተሰሙ ብዙ ዘመን ሆኖ ነበር። እህታቸውም አብረው ሳቁ፤ ለምን ይዋሻል፣ አንድ ጊዜ እንኳ የእኛ ቤት ሲያሸንፍ ደስ ይላል።

የጅብሪል መልስ መጣ፤ አጭር ነበር። «ሁለቱን ጽሑፎች ማንም ሊያጋጥማቸው ይችል ነበር ተብሏል። ሁለቱም ለዘመናት እዚያው ነበሩ፤ ያጋጠማቸው ግን አልነበረም። ሦስተኛው ጽሑፍ መንገዱን አይቶ አይጠቅምም ብሎ የተመለሰ ነው። የጽሑፉን ባለቤት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ በዚህ ሙያ ከማውቃቸው ሁሉ አንደኛ እሱ ነው። እሱ ካልሄደበት መንገዱ ለማንም ግልጽ አልነበረም።»

አቶ እንደሻው በዚህ መልስ የተናደዱትን ያህል በምንም ተናደው አያውቁም። ቢሰድቧቸው ይሻላቸው ነበር። «አየሽው? አሁን ነው አንደኛ የሚለኝ! አንደኛ ነህ ብሎ ሊያሸንፈኝ!» እያሉ በስልክ ጮሁ። እህታቸው «ታዲያ ያለው ውሸት ነው?» ቢሏቸው ስልኩን ዘጉት። መሥሪያ ቤታቸው የመጨረሻ ውሳኔ ከፋሲካ በኋላ እንዲሰጡ ቀን ቆረጠላቸው። ውሳኔያቸውም ቢሆን በልባቸው ያው ነበር፦ ግልጽ ነው፣ ውድቅ።

በ2010 ዓ.ም. ፋሲካ ከባለቤታቸው ጋር አሰላ መጡ። ከምሳ በኋላ የእህታቸው የልጅ ልጅ ኤፍራታ እጃቸውን ይዛ «አያቴ፣ እንቆቅልሽ እንጫወት» አለቻቸው። «እንቆቅልህ» ማለት ለአያት ነውር መስሏት «እንቆቅልዎ» አለች፤ ሁሉም ሳቀ። «ሳለ ማንም አይጠራውም፤ ሲሄድ ሰፈሩ ሁሉ ስሙን ይጠራል።»

አቶ እንደሻው አሰቡ። ጎረቤት አሉ፣ አይደለም። የሞተ ሰው አሉ፣ አይደለም። ጤና አሉ፣ አይደለም። በመጨረሻ ሻሸመኔን ሰጡ። ኤፍራታ ሻሸመኔን ተቀብላ «መብራት!» አለች። ዕድሜያቸውን በኤሌክትሪክ የጨረሱት መሐንዲስ ከወንበራቸው ብድግ ብለው «አውቄው ነበር! ይሄማ ግልጽ ነው!» አሉ።

ኤፍራታ «ካወቁት ለምን አገር ሰጡኝ?» አለቻቸው።

ቤቱ እንደገና ሳቀ። አቶ እንደሻው ግን ቆመው ቀሩ። ዓይናቸው ከእህታቸው ዓይን ጋር ተጋጠመ፤ ፍርዱ የተሰጠው ገና ድሮ ነው። አቶ እንደሻው ቀስ ብለው ተቀመጡ። በማግስቱ ማለዳ «ሥራ አለብኝ» ብለው በመጀመሪያው መኪና ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ዶሮ ወጡ እንኳ አላለቀም ነበር።

መሥሪያ ቤት ገብተው የራሳቸውን አንቀጽ ደግመው አነበቡት። «የሚያስገኘው ጥቅም የለም።» ያን የጻፉት በሙሉ ጉልበታቸው፣ በሙሉ ዕውቀታቸው ነው። መልሱ ሳይነገር በፊት በነበረው ጨለማ ውስጥ ቆመው፣ በሩን በእጃቸው ነክተው፣ አይ ብለው የተመለሱ እሳቸው ናቸው። ዛሬ መልሱን ካዩ በኋላ «ግልጽ ነው» ማለት አርቦዬን መልስ እንደማለት ነው። ይህን ሁሉ በኋላ ለእህታቸው የነገሯቸው እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

ውሳኔውን ጻፉ። «የሙያው ሰው በዚህ መንገድ መጥቶ፣ ጥቅም የለውም ብሎ ተመልሷል። ስለዚህ ፈጠራው ግልጽ አልነበረም፤ መብቱ ይሰጥ» የሚል ነው። ለጅብሪል ያሸነፈላቸው ማስረጃ የአቶ እንደሻው የራሳቸው ጽሑፍ ሆነ። አብሮ የሚፈርመው ሰው «የሙያው ሰው የተባለው ማነው?» ብሎ ሲጠይቅ «አንድ የአሰላ ልጅ ነው» አሉት። ፈርመው ሲጨርሱ ለእህታቸው ደወሉና «አሰፋች፣ ዛሬ በገዛ እጄ ራሴን ሁለተኛ አደረግሁት» አሉ። ከዚያም ስልኩ ላይ አለቀሱ። እህታቸውም አለቀሱ፤ ለቅሶውም ከኩራት ይሁን ከንዴት ለመለየት አስቸጋሪ ነበር።

እንዲህ አደረጉ ሲባል ቅናቱ የለቀቃቸው የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ፕሮፌሰር ጅብሪል ለምስጋና ደጋግመው ደወሉ፤ አቶ እንደሻው አላነሡም። «ግዴታዬን ነው የሠራሁት፤ እንመሰጋገን አልተባባልንም» አሉ። በ2012 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ ጅብሪል በሽኝቱ ላይ የመጡ መስሏቸው ከበሩ ሊመለሱ ነበር። የጅብሪል ትራንዚስተር በቴሌቪዥን ሲወራ ይዘጉታል፤ ዘግተውም ስንት ሰዓት ላይ እንደሚደገም ይጠይቃሉ። «ምቀኛ አታሳጣኝ» የሚል ሰው ሞልቷል፤ ፕሮፌሰር ጅብሪል ግን እንዲህ ያለ ታማኝ ምቀኛ በማግኘታቸው አምላካቸውን ሊያመሰግኑ ይገባል።

አቶ እንደሻው ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተዋል። ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ያላደረጉት የለም። ሕመሙ ሲጠና «አሰላ ውሰዱኝ» ብለው በእህታቸው ቤት ተኙ። ከአልጋቸው በመስኮት በኩል የጭላሎ ተራራ ይታያቸው ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ወር ፕሮፌሰር ጅብሪል ጭኮ በሳህን ይዘው መጡ። እናታቸው ወ/ሮ ፋጡ ካረፉ ቆይቷልና ያዘጋጀችው ልጃቸው ኢስራ ናት። አቶ እንደሻው ሳህኑን አይተው «ጥርሴ ደህና ነው» አሉ፤ ጎረሱም። ቤቱ ውስጥ ከነበሩት ይህ የገባቸው ሁለቱና እህታቸው ብቻ ናቸው። ከዚያ ፕሮፌሰር ወንበራቸውን አስጠግተው፣ ሽበታሙ ሰውዬ፣ «እንቆቅልህ» አሉ።

አቶ እንደሻው «ምን አውቅልህ» አሉ።

«ከፊቴ ሄዶ አያውቅም፤ ያለ እሱ ግን አንድ እርምጃ አልሄድኩም።»

አቶ እንደሻው ኮርኒሱን ያዩ ነበር። እህታቸው በበሩ ላይ ቆመዋል። አቶ እንደሻው እንደ ልጅነታቸው አልሞከሩም፤ ጋሪ አላሉም፣ ንብ አላሉም። «አላውቀውም» አሉ በቀስታ። «አሰላን ሰጥቼሃለሁ። የምቀበርባት ስትቀር።»

ፕሮፌሰር ጅብሪል አሰላን ተቀበሉ። መልሱንም «አንተ ነህ» ብለው ተናገሩ። ግንባራቸውን ሳሟቸው፤ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ወጡ።

አቶ እንደሻው ወልደ ሚካኤል በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈው፣ ዛሬ ወዳጅ ዘመድ፣ የአጥቢያው ካህናት፣ ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም የመጣው ጎረቤት በተሰበሰበበት በትውልድ ከተማቸው በማርያም ቤተ ክርስቲያን ሥርዓተ ቀብራቸው ይፈጸማል። ለራሳቸው ያስቀሯት መሬት ይህችው ናት።

አቶ እንደሻው የባለቤታቸው የወ/ሮ መቅደላዊት አበራ ባል፣ የወንደሰንና የማሂ አባት፣ የወ/ሮ አሰፋች ወንድም፣ የኤፍራታም አያት ነበሩ። በዚህ ተርታ ውስጥ የፕሮፌሰር ጅብሪልን ስም የት እንደምናስገባው ብዙ ተከራከርን። ወዳጅ እንዳንል ሟች ይቆጣሉ፣ ባላጋራ እንዳንል ውሸት ይሆናል። ስለዚህ «አብሮ አደግ» ብለን ጽፈናቸዋል።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል፤ ፕሮፌሰርም ይህን የሚሰሙት አሁን ነው። ያን ቀን እሳቸው ወጥተው የግቢው በር እንደተዘጋ አቶ እንደሻው ወደ እህታቸው ዞሩ፤ ፈገግም አሉ። «አሰፋች፣ አውቄው ነበር እኮ» አሉ። እህታቸው «አገር ከሰጡ በኋላ ማወቅ የለም» ሊሉ ነበር፤ ሊሉ ብለው ተዉት። በዚያ አጥር ሥር የነበረው ዳኝነት ዛሬም በእጃቸው ነውና፣ ዳኛዋ በዚህ ጉባኤ ፊት ፍርዳቸውን ያሻሽላሉ። ወንድማቸው በዚያች ቀን እውነት አውቀውት ነበር። አውቀውትም ሰጡ።

አንደኛና ሁለተኛ የማይባልበት ቤት ያለው አምላክ የወንድማችንን ነፍስ እዚያ ያሳርፍልን። ለቀረነውም መጽናናቱን ይስጠን። ፕሮፌሰር፣ አሰላ የእርስዎ ናት፤ በደንብ ያዟት። አሜን።